ለታመመ ባሕር ዛፍ ፈቃድ ፍለጋ፣ መርካቶ ድረስ

ከመርካቶ ከተመለስኩ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «እስኪ አውሪን» ይለኛል። አንዱ ስለ ሕንፃው ከፍታ፣ ሌላው ስለ ሌባው ብልሃት ይጠይቀኛል። የማኅበራችን ሴቶች ደግሞ መስማት የሚፈልጉት የሁለቱን ወንድማማቾች ነገር ነው። እሱንም ባወራሁ ቁጥር አንዷ ዘግይታ ትደርስና «ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» ትላለች። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ስለሆንኩ መጻፍ አይከብደኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ጻፍኩት። መርካቶን ከስሙ በቀር ለማታውቁ፣ ምናልባትም መቼም ለማትሄዱ፣ እንካችሁ።

የሄድኩበት ጉዳይ ባሕር ዛፍ ነው። ከእምድብር ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን እኛ ሴቶች ተደራጅተን ተዳፋቱን ባሕር ዛፍ አልብሰነዋል። ችግኙ በዚህ ዕድሜው ከሰው ቁመት ማለፍ ነበረበት፤ ከጉልበት አልዘለለም። ቅጠሉ ተኮማተረ፤ መሐል ጅማቱ ላይ ምስር የሚያክል እብጠት አወጣ። የወረዳው የደን ባለሙያ መጥታ አንዱን እብጠት በምላጭ ሰንጥቃ አሳየችን። ውስጡ ነጭ ትል ተኝቷል።

«ከትንኝ የምታንስ ተርብ ናት» አለችን። «እንቁላሏን ቅጠሉ ውስጥ ትጥላለች። ትሉ እዚያው ተደብቆ ስለሚያድግ፣ ከላይ ብትረጩ ብዙም አታገኙትም።»

ያለችንን ሁሉ አደረግን። ችግኙን የሚሻማውን አረም ነቀልን፤ የወፍ ቆሎ የሚባለውን እሾሃማ ቁጥቋጦ ከነሥሩ አወጣን፤ ክፉኛ የታመመውን ችግኝ ነቅለን አቃጠልን። ሌላ ተከልን። እሱም ታመመ። ባለሙያዋ ተመልሳ መጣችና በጣቷ ወደ ላይ አመለከተች።

ከኛ ተከላ በላይ የጋሼ ነስሩና የታላቅ ወንድማቸው የጋሼ ከድር ደን አለ። ደን ነበረ ማለት ይሻላል። ዛፎቹ ከተቆረጡ ዓመታት አልፈዋል። ከየጉቶው የበቀለውን ቀንበጥ የሚነካው ሰው ጠፍቶ፣ ሐረግ ተጠምጥሞበት፣ የወፍ ቆሎ ውጦት፣ ከላይ እስከ ታች በእብጠት ተሞልቷል። ተርቧ እዚያ ትራባለች፤ ነፋስ ሲነሳ ወደኛ ትወርዳለች። ባለቤቶቹ መርካቶ ናቸው። ስንደውልላቸው ጋሼ ነስሩ «እሺ፣ ለአረፋ ስመጣ እናየዋለን» ይላሉ። አረፋ መጣ፤ እሳቸውም መጡ፤ በግ አረዱ፤ ዘመድ ጠየቁ፤ ደኑን ሳያዩ ተመለሱ። ሌላ አንድ ዓመት እንዲህ ከሄደ እኛም ሌላ ችግኝ የምንተክልበት አቅም አይኖረንም። ሴቶቹ ተሰብስበው «አንቺ ሂጂ፤ አስተማሪን እምቢ አይሉም» አሉኝ።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። በአንድ እጄ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ በሌላው ቅቤ ይዣለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ከጋሼ ነስሩ ደን የቆረጥኩት የታመመ ቀንበጥ አለ። ተርቧ ወጥታ ሌላ አገር እንዳትበክል በላስቲክ ላይ ላስቲክ ደርቤ አጥብቄ አስሬዋለሁ። ሰውየው በስልክ አልሰማ ሲሉኝ በዓይናቸው ይዩት ብዬ ነው።

እስከ ወልቂጤ ደህና ሄድን። ከወልቂጤ በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ስንነሳ ፀሐይዋ በእኔ በኩል ሆነች። ቅቤው መቅለጥ ጀመረ። ወሊሶ ሳንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ዝቅ ብለው ሱሪያቸውን አዩ። ነጭ ልብስ ለብሰዋል፤ ለሽምግልና ነው የሚሄዱት።

«ይቅርታ አባባ፤ ምን ላድርግ?» አልኳቸው፤ ፊቴ ነደደ።

«ምንም አታድርጊ» አሉኝ። «ቅቤ ቅቤ የሚሸት ሽማግሌ ልጅ ሲጠይቅ አይከለከልም።»

ወሊሶ ላይ ወርደን ቁርስ ስንበላ የከፈሉልኝ እሳቸው ናቸው። ሱሪያቸውን ያበላሸሁ እኔ፣ ጋባዡ እሳቸው። አገራችን እንዲህ ናት።

ከወሊሶ በኋላ ዓይኔ ከመንገድ ዳር ባሕር ዛፍ አልተነቀለም። ድሮ እንዲህ ስጓዝ ቤቱን፣ ሰዉን፣ ከብቱን ነበር የማየው። አሁን የእያንዳንዱን ዛፍ ቅጠል እመረምራለሁ። ልጇ ኩፍኝ የያዘው እናት የሰውን ልጅ ሁሉ ግንባር እንደምታየው ማለት ነው።

አየር ጤና ወርጄ ረዳቱ «መርካቶ! መርካቶ!» የሚልበት ታክሲ ውስጥ ገባሁ ብዬ ነበር። ለካስ የገባሁት ከጎኑ በቆመው ነው። የኛ ሰፈር መኪና አንድ ስለሆነ ሰው መኪና አይሳሳትም። ያወቅኩት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስደርስ ነው። ወርጄ ቆምኩ። ሰው ከአራት አቅጣጫ ይመጣል፤ አንዱ ፍራሽ ተሸክሟል፤ ሌላው የፕላስቲክ ሳፋ እስከ ሰማይ ደርድሯል፤ ሚኒባሱ ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋል። እግረኛ መንገድ ላይ ካልሲ የምትሸጥ ሴት አየችኝና «እናቴ፣ ጠፋሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ላስቲክና ሸራ የሚሸጡ ጋሼ ነስሩ የሚባሉ ሰው ሱቅ ነው የምፈልገው» አልኳት። እኛ ሰፈር ቢሆን ይህ በቂ ነው።

ሳቋ መጣ፤ ግን አልሳቀችብኝም። ካልሲዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ፣ ቆጮዬን ከእጄ ተቀብላ ቀደመችኝ። እየጠየቀች ሸራ የሚሸጥበት ድረስ ወሰደችኝ። ስሟን ብጠይቃት «ግቢ ግቢ፣ ገበያዬ ቀረብኝ» ብላኝ ሮጠች። እስካሁን ይቆጨኛል።

የኛ ገበያ ሲበተን ሜዳው ይቀራል፤ በማግስቱ ከብት ይግጥበታል። መርካቶ ግን አይበተንም። ሰው በሰው ላይ፣ ዕቃ በዕቃ ላይ ነው። ጋሼ ነስሩን ያገኘኋቸው በላስቲክ ጥቅል መካከል ነው። ጢማቸው ነጭ ሆኗል። ሲያዩኝ ደንበኛ እያናገሩ ነበር፤ ትተውት ተነሱ።

«መምህርት ስንዱ! ወላሂ ሕልም ነው?» አሉ። ወንበራቸውን ለቀቁልኝ፤ ሻይ አስመጡ፤ እኔም ገና ተቀምጬ «ጋሼ ነስሩ፣ የመጣሁት ስለ…» ስል እጃቸውን አነሱ።

«አውቃለሁ። መጀመሪያ እረፊ። እንግዳ በመጣበት ቀን ጉዳይ አይወራም።»

ቤታቸው አማኑኤል ሰፈር ነው፤ ከሱቁ በእግር ይደረሳል። በሩ ጋ ስንደርስ ጋሼ ነስሩ ቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ። ወንድም ጋሼ ዛፉ መቆረጡን አያውቅም። ዓይኑ የጠፋ ሰሞን ነው የተቆረጠው፤ አልነገርነውም። ፊቱ እንዳታነሺ።»

«እሺ» አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

የጋሼ ነስሩ ባለቤት ዘይነባ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ አንድ ትምህርት ቤት ተምረናል። አንገቴን አቅፋ አልለቀቀችኝም። ጋሼ ከድር ሳሎን ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ስሜን ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዓይናቸው የጠፋው በዓይን ግፊት ነው ብላኛለች ዘይነባ። ፊታቸው ግን ያው ነው፤ ድሮ ችግኝ በቅርጫት ተሸክመው ተዳፋቱን ሲወጡ የማውቀው።

«ከአገር ነው የመጣሽው!» አሉኝ እጄን እንደያዙ። «በይ ንገሪኝ፤ ዛፎቼ እንዴት ናቸው?»

ጋሼ ነስሩ ከኋላዬ ቀደሙኝ፤ «ባለፈው ለአረፋ እንደነገርኩህ ናቸው ወንድም ጋሼ። ነፋስ ሲመጣ ጫፍና ጫፋቸው ይነካካል።»

ጋሼ ከድር ፈገግ አሉ። «ድምፁን አውቀዋለሁ!» አሉ።

እራት ሲቀርብ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ለእነሱ በአንድ ሳህን፣ ለእኔ ለብቻ በሌላ ሳህን ክትፎ መጣ። ዘይነባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ብዪ፤ የክርስቲያን ነው። ጎረቤቴ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ገዝታ፣ በራሷ ዕቃ የሠራችው ነው» አለችኝ። የመጣሁት ከሰዓት ነው፤ መቼ አስባ፣ መቼ ለጎረቤት ነግራ እንዳሠራችው አላውቅም። ያመጣሁትን ቆጮ ሁላችንም በጋራ በላን። ክትፎው ጣፋጭ ነበር፤ እኔ ግን የጋሼ ከድርን ፈገግታ እያሰብኩ ሳልጨርሰው ቀረሁ።

ማክሰኞ

በማለዳ ከዘይነባ ጋር አትክልት ተራ ሄድን። ጎመን በጭነት መኪና ሲራገፍ አይቼ አላውቅም። እኛ ጓሮ ወርደን ለድስት የሚበቃንን እንቀነጥሳለን፤ እዚህ አንድ መኪና ጎመን ከፀሐይ በፊት ያልቃል። ጋሪ የሚገፉት «መንገድ! መንገድ!» ይላሉ፤ መንገድ ግን የለም። አንዱ ጋሪ ሲመጣብኝ ዘልዬ ጭቃ ውስጥ ገባሁና ጫማዬ እዚያው ቀረ። ዘይነባ ጎንበስ ብላ እስከ ክርኗ ድረስ እጇን ሰደደች። አገኘችው። ቲማቲም ከምታጥብ ሴት ውኃ ለምና አጠበችልኝ። ሁለታችንም በሳቅ ሞትን።

ስንመለስ ሁሉን ነገረችኝ። ጋሼ ነስሩ ዛፉን ያስቆረጡት ሱቃቸው ተቃጥሎ ዕቃው አመድ የሆነ ጊዜ ነው። እንደገና ለመጀመር የነበራቸው ነገር ያ ደን ብቻ ነበር። ጋሼ ከድር በዚያው ሰሞን ጨርሶ ማየት አቁመዋል።

«ነስሩ ‹ሁለት ሐዘን በአንዴ አላሸክመውም፤ ትንሽ ይቆይ› አለ» አለች ዘይነባ። «ትንሽ ሲባል ይኸው። አሁን ለአረፋ ሄዶ ሲመለስ ወንድሙ አጠገብ ይቀመጥና ስለ ዛፉ ያወራለታል። ይሄኛው እንዲህ ወፍሯል፣ በዚያኛው ላይ ጭልፊት ጎጆ ሠርቷል ይለዋል። እኔ ማድቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።»

ከሰዓት ብቻዬን ገበያውን ላይ ብዬ ወጣሁ። የመርጫ መሣሪያ የሚሸጥበት ሱቅ አይቼ ገባሁ። ሻጩ የጉዳዬን ግማሽ እንኳ ሳይሰማ ምንም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ከባንኮኒው ሥር አወጣ።

«ይሄ ተርብ አይል፣ ትል አይል፣ ምስጥ አይል፣ ጠራርጎ ነው!» አለኝ።

«ቅጠሉ ውስጥ ያለውንስ?»

«እናቴ፣ የዛፉን አያት ይደርስበታል!»

ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ ልቤ ከጀለ። ጠርሙሱን ይዤ ብመለስ ባዶ እጄን አልመጣሁም ማለት ነው። ደግሞም የጋሼ ከድርን ነገር ማንም ሳይነካው ይቀራል። ግን የባለሙያዋ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከተከላችን ሥር ወንዝ አለ፤ ከብቶቻችን ከዚያ ይጠጣሉ፤ ቀፎዎቻችንም እዚያው ናቸው። ስም የሌለው መርዝ ይዤ አልገባም ብዬ ወጣሁ። ሻጩ እስከ መንገዱ ድረስ ተከተለኝ።

ወደ ጋሼ ነስሩ ሱቅ ሄጄ ተቀመጥኩ። አሁን እንግድነቴ አንድ ቀን አልፎታል። ሁሉን ነገርኳቸው፤ የነቀልነውን፣ ያቃጠልነውን፣ ድጋሚ የታመመውን። ከጉቶው ላይ የታመመውን ቀንበጥ ቆርጠን እንድናቃጥል፣ ጤነኛውን እንድንተው፣ ሥሩን እንድናርምላቸው ፈቃድ ብቻ እንዲሰጡን ለመንኳቸው። ጉልበቱ የኛ ነው አልኳቸው።

የላስቲክ ጥቅል እየዳሰሱ ቆዩ። «ስንዱ፣ እዚያ እሳት ከተነሳ ወሬው ነገ እዚህ ይደርሳል። የሚመጣውን የአገር ሰው ሁሉ በር ላይ እየያዝኩ ዝም እንዲል እለምነዋለሁ፤ እስከ መቼ እንደምችል አላውቅም። ወንድም ጋሼ በዚያ ዛፍ ወሬ ነው የሚኖረው። እንዴት ብዬ?»

«የኛ ሴቶችስ ጋሼ?»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔን አትጠይቂኝ» አሉ። ክፉ ሰው ቢሆኑ በተከራከርኳቸው ነበር።

ረቡዕ

ዕቃዬን አዘጋጀሁ። በማግስቱ ለመሄድ ወስኜ ነበር። ጋሼ ነስሩ ሱቅ ናቸው፤ ዘይነባ ጎረቤት ሄዳለች። ሳሎን ውስጥ ልብሴን ሳጣጥፍ ጋሼ ከድር አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ባሕር ዛፍ ይሸተኛል» አሉ።

ቦርሳዬን አየሁ። ያሰርኩት ላስቲክ በአንድ በኩል ተቀዷል።

«ቅጠል ይዘሽ መጥተሻል? ከኛ ደን ነው?»

አዎ ማለት ምን ይጎዳል? ቅጠል ቅጠል ነው ብዬ አሰብኩ። «አዎ ጋሼ» አልኩ። እጃቸውን ዘረጉ። እኔም መስኮቱን ዘግቼ ሰጠኋቸው።

መጀመሪያ አሸተቱት። ከዚያ በጣታቸው መዳሰስ ጀመሩ። ግንዱን በሁለት ጣት ይዘው አዞሩት። ቅጠሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት። እንደገና ግንዱን ያዙ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይሄ ግንዱ አራት ማዕዘን ነው» አሉ። «ቅጠሉም ክብ ነው፤ ዘንግ የለውም፤ ግንዱ ላይ ተለጥፏል። ይሄ የልጅ ቅጠል ነው ስንዱ። የትልቅ ዛፍ ቅጠል እንደ ማጭድ ረጅም ነው። የኔ ዛፎች እንዲህ ያለ ቅጠል ከጣሉ ስንት ዘመናቸው! ይህን የሚያወጣ ጉቶ ነው።»

እኔም የባሕር ዛፍ አገር ሰው ሆኜ ይህን አውቃለሁ፤ ግን በጣት እንደሚነበብ አስቤው አላውቅም።

«ተቆርጧል?» አሉ።

«ጋሼ፣ ጋሼ ነስሩ ቢነግሩዎት ይሻላል» አልኩ። ይህም ያው መንገር ነው።

ውጪ ሱቆቹ የሚያጫውቱት ሙዚቃ ይሰማል። ከዚያ ጣታቸው እብጠቱ ላይ ደረሰ።

«ይሄስ ምንድነው? እከክ ይመስላል።»

ይህን ልነግራቸው እችል ነበር፤ ነገርኳቸውም። ስለ ተርቧ፣ ስለ ትሉ፣ ስለኛ ችግኝ። አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ሴቶቹ እነማን እንደሆኑ በስም ጠየቁኝ። ግማሾቹን በእናቶቻቸው ያውቋቸዋል። ስጨርስ ቀንበጡን መለሱልኝ። ዘይነባ ስትመጣ ነገሩን ሰምታ ደነገጠች። ግን መጀመሪያ ያደረገችው ቀንበጡን ከእጄ ነጥቃ ከሰል ምድጃው ውስጥ መክተት ነው። «እዚህ ደግሞ እንዳይራባ!» አለች፤ እያለቀሰች።

ጋሼ ከድር ምሳ አልበሉም። ጋሼ ነስሩ ስልክ ተደውሎላቸው እየተጣደፉ ገቡ። እኔና ዘይነባ ልንወጣ ስንል ጋሼ ከድር «ተቀመጡ፤ የሚደበቅ ነገር ይብቃ» አሉ። ተቀመጥን።

«ነስሩ፣ ዛፉ የለም?»

ጋሼ ነስሩ እኔን አላዩኝም፤ ዘይነባንም አላዩም። የወንድማቸው እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «የለም ወንድም ጋሼ።»

«መቼ?»

«ሱቁ የተቃጠለ ጊዜ።»

«ጭልፊቱስ?»

«ጭልፊት አልነበረም።»

ጋሼ ከድር ትንፋሽ ወሰዱ። ድምፃቸው ሲወጣ ተቆጥተው ነበር። «ለምን የተከልነው ይመስልሃል? ለክፉ ቀን ነው። ክፉ ቀን መጣ፤ ቆረጥከው። ታዲያ ደግ አደረግህ! እኔን እንደ ሕፃን ልጅ ተረት እየነገርክ ያስቀመጥከኝ ግን ምን ልሁን ብለህ ነው? ዓይኔ ነው የጠፋው። አእምሮዬ አለ።»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«ይከፋኝ! ሰው እኮ ነኝ፤ ይከፋኝ!»

ጋሼ ነስሩ ግንባራቸውን የወንድማቸው ጉልበት ላይ አደረጉ። ያን ሁሉ ጥቅል ላስቲክ የሚያዝዙ ትልቅ ነጋዴ እንደ ልጅ አለቀሱ። ጋሼ ከድር አልነኳቸውም። ብዙ ቆይተው እጃቸው ወደ ታች ወረደና የወንድማቸውን ቆብ አገኘ፤ እዚያው ላይ ተቀመጠ።

«የእነዚህ ሴቶች ችግኝ በኛ ጉቶ ምክንያት እየሞተ ነው» አሉ። «ነገ እንሄዳለን።»

«ነገ ዕቃ ይገባልኛል ወንድም ጋሼ…»

«እንግዲያው እኔና ስንዱ እንሄዳለን።»

ሐሙስ

ጋሼ ነስሩ ሱቃቸውን ዘጉ። ጎረቤት ነጋዴዎች ሰው የሞተባቸው መስሏቸው እየመጡ «ምነው? ማን ነው?» ይላሉ። ሐሙስ ቀን ሱቅ መዝጋት ለመርካቶ ሰው እንዲህ ነው። ዘይነባ የመንገድ ምግብ አሰረችልን፤ ለእኔ ለብቻ እንቁላል ቀቀለች።

በጋሼ ነስሩ መኪና ወጣን። ጋሼ ከድር ከፊት ተቀምጠው መስኮታቸውን አወረዱ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሰበታ እስክናልፍ አልተነጋገሩም። የተነጋገሩት ጎማ ሲተነፍስብን ነው። ጋሼ ነስሩ ጎማ ፈትተው እንደማያውቁ የታወቀው ያኔ ነው። ጋሼ ከድር ወርደው፣ መንበርከኪያ ጨርቅ አንጥፌላቸው፣ ብሎኑን በእጃቸው እየዳበሱ ያስፈቱ ጀመር። «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ! ላስቲክ ስትሸጥ ነው የኖርከው፤ ጎማም እኮ ላስቲክ ነው!» አሉ። ጋሼ ነስሩ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጋሼ ከድር ሳያስቡት ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ አጠረ።

ቱሉ ቦሎ ላይ በቆሎ ጥብስ ገዛን። የሸጠችልን ሴት ለጋሼ ከድር ትኩሱን መርጣ፣ ገለባውን ገልጣ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሰፈራችን ስንደርስ መሽቷል። ወሬ ቀድሞን ኖሮ በየደጁ ሰው ቆሞ ነበር። ወንድማማቾቹ ያደሩት የአክስታቸው ልጅ ቤት ነው፤ ቤቱ ስለማይበቃ ሰው ደጅ ላይ ተቀምጦ አመሸ።

ዓርብ

ጠዋት ለሴቶቹ የሆነውን ነገርኳቸው። ወንድማማቾቹ በመስጊዱ የጁምዓ ሶላት ሲሰግዱ እኛ ማጭድና ገጀራ ሳልን። የደን ባለሙያዋም መጣች። እሳቱ ወዴት እንደሚሆን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይታ ጉድጓድ አስቆፈረች።

ቅዳሜ

መጀመሪያ አረሙን አነሳን፤ ካልተነሳ ጋሼ ከድር መግባት አይችሉም። የወፍ ቆሎው እሾህ እጃችንን ቧጨረን። ሐረጉን ከየጉቶው ላይ ፈታን። ከዚያ ጋሼ ነስሩ ወንድማቸውን በክንዳቸው ይዘው አስገቡ።

ከመጀመሪያው ጉቶ ፊት ጋሼ ከድር ቆሙ። ጎንበስ ብለው የተቆረጠበትን ቦታ ነኩት፤ ክቡን እየተከተሉ ዞሩ። ፊታቸውን ልተርክላችሁ አልችልም፤ ልክ መቃብር እንደሚጎበኝ ሰው ነበሩ። ከዚያ እጃቸው ወደ ቀንበጦቹ ወጣ። አንዱን ከሥር እስከ ጫፍ ዳበሱት። «ይሄ ታሟል።» ሌላውን ያዙ። «ይሄም።» ሦስተኛው ላይ ቆዩ። ባለሙያዋ ጠጋ ብላ ቅጠሉን ገልብጣ አየችው።

«ንጹሕ ነው አባቴ» አለቻቸው።

«ይሄ ይቅር። ሌላው ይውረድ።»

የመጀመሪያውን ገጀራ የሰነዘሩት ጋሼ ነስሩ ናቸው። ሸሚዛቸው የመርካቶ ነው፤ እጅጌውን እንኳ አልሰበሰቡም። እኛ እያነሳን ወደ እሳቱ ወሰድን። ጤነኛ ቀንበጥ ያልተገኘበት ጉቶ ሲመጣ ጋሼ ከድር ጉቶውን በመዳፋቸው ዳበስ ያደርጉና «ይነቀል» ይላሉ። እንዲህ እያልን ቀኑ ዋለ። ከላይኛው ጫፍ ጀምረን ወደ ታች፣ ወደ ተከላችን ወረድን። ጭሱ ዓይናችንን አቃጠለን። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ ነስሩ መዳፋቸው ተልጦ ስለነበር ገጀራውን ከእጃቸው ቀማናቸው። እጃቸውን በውኃ እያጠብኩላቸው «ጋሼ፣ ይበቃዎታል» አልኳቸው።

«ተዪኝ ስንዱ» አሉኝ። «ከሱቁ ቃጠሎ ወዲህ እንደ ዛሬ ቀሎኝ አያውቅም።»

ሥራው በአንድ ቀን አላለቀም። ጋሼ ነስሩ ሰኞ ሱቅ መክፈት ስላለባቸው እሑድ ከሰዓት መኪናቸውን አስነሱ። ጋሼ ከድር ግን አልገቡም። በሩ ተከፍቶላቸው ቆመው «አንተ ሂድ፤ እኔ እዚህ ሥራ አለኝ» አሉ። ጋሼ ነስሩ ለመኑ፤ መድኃኒት አለ፣ ሐኪም አለ፣ ማን ያስታምምሃል አሉ። ደጅ የቆመው ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ «እኛ!» አለ። ጋሼ ነስሩ ወንድማቸውን ሲስሙ ቆዩ። መኪናው ሲርቅ ጋሼ ከድር ድምፁ እስኪጠፋ ፊታቸውን ወደዚያው አድርገው ቆሙ።

አሁን እሳቸው የኛ ማኅበር ሰው ናቸው። በየጠዋቱ ችግኝ ጣቢያችን ይመጣሉ። ለተከላ የደረሰ ችግኝ ከመውጣቱ በፊት በእጃቸው ማለፍ አለበት። ሦስት ጣታቸውን ቅጠሉ ላይ ያስኬዳሉ፤ እብጠት ያለበትን ለይተው ወደ ጎን ያኖራሉ፤ ባለሙያዋም ስትመጣ ያንኑ አይታ ታረጋግጣለች። በየሳምንቱ ጋሼ ነስሩ ይደውላሉ፤ ስልኩን ተቀብለው የሚያወሩት ጋሼ ከድር ናቸው። ምን እንደታመመ፣ ምን እንደዳነ፣ ምን እንደተነቀለ ሳይቀር ይነግሯቸዋል።

ትናንት አንዲት ችግኝ እጃቸው ላይ ቆየች። ሴቶቹ ሁላችን ሥራችንን ትተን አየናቸው። ቅጠሏን አንድ በአንድ፣ ከላይም ከሥርም፣ ዳበሷት።

«ይቺ ትሂድ» አሉ።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ፋጡማ፣ ተቀብላቸው ወደ ተዳፋቱ ይዛት ወጣች።